የአባባ ቁራኛ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን እንዲህ ደፍሬ የምናገረው የተጻፈ ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ የባቡሩ ሐዲድ አዳማ በደረሰበት ዓመት ስለተወለድኩ ነው። አክስቴ ጣቶቿን እያጠፈች ዕድሜዬን ስትቆጥር ሁልጊዜ የምትጀምረው ከሐዲዱ ነበር። «ሐዲዱ ሲነጠፍ አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር» ትለኛለች። ስለዚህ እኔና ባቡሩ እኩያሞች ነን ማለት ነው።

እናቴ ገና ድክ ድክ ስል ሞታለች። ቤታችን አባባ፣ የአባባ ታላቅ እኅት አክስቴ፣ እኔ፣ እንዲሁም ሦስት በቅሎዎች ነበርን። በቅሎዎቹን ከቤተሰቡ የምቆጥረው አባባ እንደዚያ ስለሚቆጥሯቸው ነው። አባባ ከአርሲ በኩል ቆዳ ጭነው አዋሽን ይሻገሩና አዳማ ጣቢያ ያደርሳሉ። ገንዘቡ የራሳቸው አይደለም። ከጣቢያው ጀርባ ግቢ ያለው አንድ የቆዳ ነጋዴ ብር ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ገዝተው ያመጣሉ፤ ትርፉን ይካፈላሉ። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሰባ ጠገራ ብር ተቀብለው ሄዱ። ሲመለሱ አዋሽ ገና አልጎደለም ነበር። ፊት የምትመራው በቅሎ መሻገሪያው ላይ ተንሸራተተችና ከነጭነቷ በላያቸው ወደቀች። ቆዳውን ውሃ ወሰደው። አባባን ሰዎች ጎትተው አወጧቸው፤ ግን ከወገባቸው በታች ያለው እዚያው አዋሽ ውስጥ የቀረ ይመስል ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አላቸው።

ሰው ሁሉ «ሶደሬ ውሰዷቸው፤ ፍል ውሃው ያፍታታቸዋል» አለ። አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸከሟቸው፤ አክስቴ ልታስታምም ተከትላ ወረደች። የቀሩት ሁለት በቅሎዎች ለዚያ ተሸጡ። እኔ አዳማ ቀረሁ። ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ ቆሎ እሸጥ ነበር፤ የአባባና የአክስቴ ስንቅ የሚገዛው በዚያ ቆሎ ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ስንቁን ይዤ ሶደሬ እወርዳለሁ፤ አንድ ሌሊት አድሬ በማግስቱ እመለሳለሁ። አንድ ሌሊት! እሱም አባባን ሳገላብጥ፣ ከአክስቴ ጋር ውሃ ሳወርድ ሳወጣ ያልቅብኛል። ገና በደንብ ሳላያቸው «በይ፣ ባቡሩ እንዳያመልጥሽ» ይሉኛል። ባቡሩ እንዳያመልጠኝ የሚሉት እንድሳፈር አይደለም፤ እንድሸጥ ነው።

ቤት ስገባ የአባባን የኮርቻ ግላስ ተሸፍኜ እተኛለሁ። የበቅሎ ላብና የመንገድ አቧራ ይሸታል። ሳላጥበው አንድ ዓመት አስቀመጥኩት። ጎረቤት ሁሉ «ምን ዓይነት ቆሻሻ ልጅ ናት» ይል ነበር።

ግንቦት ላይ ነጋዴው መጣ። አጭር፣ ደልዳላ ሰው ነው፤ ጨው የበላው ጥፍር አለው፤ ገና ከበሩ ሳይደርስ የቆዳው ሽታ ይቀድመዋል። ቆሞ ግቢውን አየ፤ ባዶውን የበቅሎ ማሰሪያ አየ።

«አባትሽ የታለ?» አለኝ።

«ታመዋል፣ ጌታዬ።»

«መታመሙንማ አገር ያውቃል። የት ነው ያለው ነው የምልሽ።»

«ውሃ ላይ ናቸው።»

«ገንዘቤም ውሃ ላይ ነው» አለና ሳይስቅ ሄደ።

በሳምንቱ ከዳኛው ፊት ከሰሰ። ዳኛው ከጣቢያው ወዲያ ካለው ትልቅ ግራር ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ መቅረብ ስለማይችሉ በሳቸው ፋንታ እኔን አቆሙኝ። የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁና ልንገራችሁ፤ በዚያን ጊዜ ባለዕዳ ዋስ ካላቀረበ ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራል። ቁራኛ ይባላል። አበዳሪው ባለዕዳው እንዳይጠፋበት ይጠብቀዋል፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ዋስ እስኪገኝ ወይም ገንዘቡ እስኪከፈል አብረው ይዞራሉ።

«ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን አለ?» አሉ ዳኛው።

የአባባን እንጀራ የበሉ ሰዎች እዚያ ነበሩ። አንዱ እግሩን ያያል፤ አንዱ ግራሩን ቀና ብሎ ያያል። የሚነሳ ሲጠፋ፣

«እኔ እሆናለሁ» አልኩ።

«ዋስ ቤት ወይ ከብት ያስይዛል፣ ልጄ። አንቺ ምን አለሽ?»

«ብረት ምጣድ አለኝ። ሁለት ቁና ገብስም አለ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። «ቆሎዋን አስይዛ!» አለ አንዱ። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ በእጃቸው ወደ ኋላ መለሱኝ።

ነጋዴው ብድግ አለ። «በሕግ አምላክ! ዋስ ከሌለው ቁራኛዬ ነው። ያስይዙኝ።»

«ሰውየው አይራመድም። ወዴት ይሸሻል ብለህ ነው?»

«ሕጌን ነው የጠየቅኩ፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። «መልካም። እኔ ግን በሽተኛን ከሚታመምበት ጎትቱ አልልም። ሕግህን ከፈለግክ ሂድና እዚያው ተቆራኘው።»

አሁን ሳቁ ወደሱ ዞረ። «ሶደሬ አየሩ መልካም ነው!» አለ አንዱ። «ቁርጥማትም ካለብህ ይለቅሃል!» አለ ሌላው። ነጋዴው አብሮ ቢስቅ ኖሮ ነገሩ ያን ዕለት እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማስበው። ግን ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ የጠየቀውን እንዴት ብሎ ይመልሰው? ፊቱ ቀላ፤ ነጠላውን አጣፋና፣

«እሄዳለሁ!» አለ።

በማግስቱ ወረድን። የዳኛው ጭፍራ ሰንሰለቱን በከረጢት ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ነጋዴው በበቅሎ፤ እኔ ስንቅ ተሸክሜ ከኋላ። ፀሐዩ ሲበረታ ነጋዴው በቅሎውን አቆመ።

«በቅሎው ላይ ውጪ።»

«አልወጣም፣ ጌታዬ።»

«ሸክሙን እንኳ ጫኚው። ስንቁ ምን አደረገኝ?»

ስንቁን ጫንኩ። እሱም ወርዶ በእግሩ ሄደ።

ሶደሬ በዚያን ጊዜ ከአዋሽ ዳር የሾላ ዛፎች፣ በዛፎቹ ላይ ጦጣዎች፣ ከዛፎቹ ሥር የቅጠል ዳሶች ነበር። በየዳሱ አንድ በሽተኛና አንድ አስታማሚ አለ። ከጎናችን ዳስ አንዲት የአርሲ እናት እጁ በበሽታ የተሳሰረ ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ጭፍራው ሰንሰለቱን ሲያወጣ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነችና፣ «አካም! እንዴት ነው? ሁለት ሰው፣ አንድ በሽታ?» አለች።

አባባ ከአጎዛቸው ላይ ቀና ሊሉ ሞከሩ። «እንደምን ከረምክ» አሉት ነጋዴውን። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ገንዘብህን ባልመልስ እጄን አልከለክልህም።»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ አክስቴ ግን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መጣችና ነጋዴውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትታሰረው?»

«በግራዬ።»

«እሰይ! ቀኝህ ይቀርልኛል። ወገቤ ሊበጠስ ነበር። በል፣ በዚያ በኩል ያዝልኝና ወደ ውሃው እናውርደው።»

«እኔ ገንዘቤን ልጠብቅ እንጂ…»

«ገንዘብህን እየጠበቅክ ያዝ!»

ጭፍራው ቆለፈና ቁልፉን ይዞ ወደ ዳኛው ተመለሰ። እኔም በማግስቱ ተመለስኩ። ስሄድ ዞር ብዬ ሳይ አባባ ውሃው ውስጥ ናቸው፤ ነጋዴው ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ እንዳይረጥብ ክንዱን ብቻ ወደ ውሃው ዘርግቶ፣ በሰው ሁሉ ላይ ተቆጥቶ ተቀምጧል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንቅ ይዤ ስወርድ ግን ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ነጋዴው እስከ ደረቱ ፍል ውሃው ውስጥ ነው። አባባን በጀርባቸው አስተኝቶ፣ በቀኝ ክንዱ ደግፎ ያንሳፍፋቸዋል፤ እንደ ባልና ሚስትም ይጨቃጨቃሉ።

«አንገትህን ልቀቅ፣ ሰውዬ።»

«ለቅቄዋለሁ።»

«አልለቀቅክም፤ የደረቀ ቆዳ ነው የሚመስለኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው፤ አክስቴ ናት የነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን አባባን ሲያገላብጧቸው የነጋዴው እጅ ከወገባቸው በላይ አንድ ቦታ ላይ አረፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰ። «እዚህ ጋ ሞቋል» አለ። አክስቴ፣ «በዚህ ሐሩር የማይሞቅ ምን አለ?» አለችው። «አይደለም። ቆዳ ሲበላሽ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ጠጉሩ ይለቃል። ይሄ ሞቋል፤ ነገ ይለሰልሳል።» አክስቴ ቀርባ ብታይ ቀልቷል፤ እሷ አላየችውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ አዛዥ ሆነ። አባባ በአንድ ጎን ብዙ እንዳይቆዩ፤ እርጥብ ነገር ከሥራቸው እንዳይሆን፤ ሞራ በቀጭኑ ይቀባ። የራሱን አጎዛ፣ ጠጉሩ እንደ ጥጥ የለሰለሰውን፣ ከሥሩ አውጥቶ ለአባባ አነጠፈ። ቀዩ ቦታ ጠፋ።

ምግብ ሲቀርብ ደግሞ የአባባ ቀኝ እጅ ስለታሰረ ወደ መሶቡ ሲዘረጉ የነጋዴው ግራ እጅ አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ተጎተቱ፣ ተበሳጩ፤ በኋላ ነጋዴው በነጻ እጁ ያጎርሳቸው ጀመር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቀናሁ። እንዴት እንደ ቀናሁ! አባባን ሌት ተቀን የሚነካቸው እሱ ነው። ሲነቁ የሚያዩት የሱን ፊት ነው። የበቅሎ መንገዱን ታሪክ፣ ለኔ በጎደሎ ሌሊት ቆንጥረው የሚሰጡኝን፣ ለሱ ከጥዋት እስከ ማታ ያወሩለታል። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ደግሞ ያ ሰው ይሄን ሁሉ ያገኘው ስላበደራቸው መሆኑ ነው። ማታ ወደ አባባ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣

«እኔን ቢያስሩኝ ምን አለበት?» አልኳቸው።

«አንቺማ ሳትታሰሪ ታስረሻል» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ልሄድ ስነሳ ነጋዴው ጠራኝ። ሰማዩን ያያል። ሰኔ ገብቷል፤ ከአርሲ ተራራ በኩል ደመና ይቆለላል።

«ስሚ፣ ልጄ። ቆዳዬ ግቢ ውስጥ በሜዳው ተቆልሏል። ዘንድሮ ዝናቡ የሚፈጥን ይመስላል። ፉርጎ ተይዞልኛል፤ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ካልተጫነ ያልፈኛል። ዳኛው ዘንድ ሂጂና ዋስ ተገኝቷል በያቸው።»

«ማን ነው?»

«እኔ።»

አክስቴ እሳት ታራግብ ነበር፤ ማራገቧን አቆመች። «አንተ ለሱ ዋስ? ለገዛ ገንዘብህ?»

«ታዲያ ሌላ ማን መጣ?» አለና ወደኔ ዞረ። «ቁልፉን ተቀብለሽ ፈጥነሽ ነይ። ደግሞ እንዳትቆሚ።»

ዳኛው ከግራሩ ሥር ነበሩ። ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ አብሯቸው ያለውም ሁሉ ሳቀ። «ይህ ሰው ቢካድ ከራሱ ሊቀበል ነው?» አሉ። ቀጥለው ወደኔ ጎንበስ አሉ። «ባለዕዳው ቢሞት ዕዳው በዋሱ ይወድቃል። ያውቃል?»

«ያውቃል መሰለኝ፣ ጌታዬ።»

ቁልፉን ሰጡኝ። ጣት የምታህል፣ ዝገት የያዛት ቁልፍ ናት። መቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ። በማግስቱ በጠዋት ተነሳሁ፤ መንገዱን አጋመስኩ፤ አንድ ግራር ሥር ውሃ ልጠጣ ቁጭ አልኩ። ቁልፏን በመቀነቴ ላይ ዳሰስኳት። ይህቺ ቁልፍ ሶደሬ ስትገባ ያ ሰው ይሄዳል። እሱ ሲሄድ የአክስቴ ወገብ ብቻ ይቀራል፤ ያ የሚሞቀው ቦታ ተመልሶ ይሞቃል። እኔም ቁልፉን አስረክቤ ነገ ወደ ቆሎዬ። ቁልፏ ካልመጣች ግን… ቁልፏ ካልመጣች እኔም እስክትመጣ እዚያው እጠብቃለሁ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከግራሩ ሥር ስነሳ አንድ የወጣለት ውሸት ይዤ ነበር።

ስደርስ ሁለቱ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ አባባ በሆነ ነገር ይስቃሉ። ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ዳኛው የሉም» አልኩ። «ወደ መተሐራ ሄደዋል አሉኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚመለሱት። ጭፍራው ቁልፉን ራሱ ያመጣል።»

«ሦስት ቀን?» አለ ነጋዴው። ወደ አዳማ በኩል ያለውን ሰማይ አየ። ምን ሊያደርግ ይችላል? ከማይራመድ ሰው ጋር ታስሯል። «እሺ» አለ። «በል እንግዲህ፣ ያንተን ወገብ እንሽ።»

«እኔም ስለደከመኝ እቆያለሁ» አልኩ። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ያን ሦስት ቀን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ዛሬ ጸጉሬ ነጭ ሆኖ፣ ልጆች ወልጄ ድሬ፣ ስለ አባባ ሳስብ የምመለሰው ወደዚያ ሦስት ቀን ነው። ጠዋት ከዳሱ ስወጣ ጦጣዎቹ ከሾላው ላይ ፍሬ ይወረውሩብናል፤ አባባ፣ «ይሄ ለኔ ነው፤ ያ ለአክስትሽ» እያሉ ያከፋፍላሉ። እግራቸውን አጠብኩ። አይሰማቸውም፤ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚሰማው ሰው ይሆኑልኛል። ከአዋሽ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ያለውን የውሃ ጉድጓድ ሁሉ በየስሙ ነገሩኝ፤ የትኛው ጨዋማ እንደሆነ፣ የትኛው ጋ በቅሎ እንደማይጠጣ። የአርሲዋ እናት ወተት አመጣችልን፤ እሷ በኦሮምኛ፣ አክስቴ ባማርኛ ተሰዳድበው ተሳሳቁ። ነጋዴውም በሁለተኛው ቀን እጁ ሥራ ፈታበት መሰለኝ፣ በእርጥቡ አሸዋ ላይ በጣቱ አንድ ነገር ሠራ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሀ።»

«እና?»

«እናማ ሁ።»

እስከ መ ድረስ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በጣቢያው ጭነት ላይ ከተጻፈው እየለቃቀምኩ ለብቻዬ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህም ይሆናል ዛሬም እስከ መ ያለው ፊደሌ ከሌላው ያምራል የሚሉኝ። አባባ ከአጎዛው ላይ ሆነው አሸዋውን ያያሉ፤ እሳቸው ማንበብ አያውቁም። «እሷስ ታውቅበታለች» ይላሉ።

በሁለቱም ሌሊት ከአዳማ በኩል መብረቅ ይታይ ነበር። ነጋዴው ተነስቶ ሲቀመጥ ሰንሰለቱ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። የአባባ ግላስ አዳማ ስለቀረ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ አክስቴ ልብስ ልታጥብ ወረደች፤ ነጋዴው እንቅልፍ ይዞታል። እኔ ከአባባ ጎን ጋደም ብዬ ነበር። ነጻ የሆነው ግራ እጃቸው ወገቤ ላይ አረፈ። ጣታቸው መቀነቴን ዳሰሰ፤ ቋጠሮው ላይ ቆመ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ልጄ» አሉ፤ ሹክ ብለው ነው የሚናገሩት።

«አቤት።»

«ፍቺው።»

«አባባ፣ እሱ ከሄደ ማን ያገላብጥዎታል?»

«አክስትሽ አለች።»

«እሷ አትችልም። እኔም ነገ ልሄድ ነው።»

ዞር ብለው የተኛውን ነጋዴ አዩ። ከዚያ፣ «ይሄ ሰው የኔን ቆዳ ሲያድን የሱ አዳማ ላይ እየበሰበሰ ነው። ፍቺው» አሉኝ።

ፈታሁት። ቁልፏን በግራ እጃቸው ተቀብለው ራሳቸው ሰንሰለቱን ከፈቱ። ድምፁ ነጋዴውን ቀሰቀሰው። ባዶ እጁን አየ፤ ቁልፏን አየ፤ እኔን አየ።

«ቁልፉ ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው» አሉት አባባ። «ደብቂው ያልኳት እኔ ነኝ። አንተን ማጣት ፈርቼ ነው። ይሄንንም ከዕዳዬ ጋር ቁጠረው።»

ነጋዴው ክንዱን አሸ። ሰንሰለቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ነበር። ሊቆጣ አፉን ከፈተ መሰለኝ፤ አባባን ሲያይ ግን መልሶ ዘጋው። በቅሎውን ጫነ። ሾላዎቹን አልፎ ከሄደ በኋላ ደግሞ ተመለሰ፤ አጎዛውን ሊወስድ ነው ብዬ ነበር። አልወሰደውም። አክስቴን ጠርቶ አባባን በጎናቸው አስተኛና፣ «ትከሻውን አይደለም የምትይዢው፤ እዚህ ጋ፣ ከዳሌው» ብሎ በእጇ አስያዛት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አሠራት። ከዚያ ሄደ።

አዳማ ስገባ ከጣቢያው በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቆዳው ሁለት ሌሊት ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤ ፉርጎውም ሄዷል። ጣቢያው ላይ ሰው አፍንጫውን ይዞ፣ «የሰው ወገብ ሲያሽ የራሱን አበሰበሰ!» እያለ ይሳለቅበት ነበር። እሱ በጭቃው ውስጥ ቆሞ የሚተርፈውን ከማይተርፈው ይለያል። እኔ ቆሎዬን ይዤ በሌላ መንገድ ዞርኩ። አይቶኛል። ምንም አላለኝም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

አባባ ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ሶደሬ ላይ አረፉ። እኔ አዳማ ነበርኩ፤ ባቡር እየጠበቅኩ። የሰማሁት በማግስቱ ነው። አክስቴ እንዳለችኝ ቁስል አልነበረባቸውም፤ ሰውነታቸው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር። ግራ እጃቸውን ባዶው ቀኝ አንጓቸው ላይ ማድረግ ልማድ ሆኖባቸው ነበር፤ እንደዚያው እንዳሉ ነው የሄዱት። እዚያ ብሆን ኖሮ የምይዘው ያን እጅ ነበር። ዛሬም ያ እጅ ይናፍቀኛል፤ ከፊታቸው ይልቅ እጃቸው።

ሰባው ብር በዋሱ ላይ ወደቀ፤ ዋሱም ባለገንዘቡ ራሱ ነበር። ሊጠይቀን አልመጣም። ለቅሶ ግን መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሄዷል።

ከአርባው በኋላ ለአክስቴ እውነቱን ነገርኳት፤ ቁልፏን የደበቅኳት እኔ እንደሆንኩ፣ አባባ ደብቂ እንዳላሉኝ።

«አውቃለሁ። ለኔም ደብቂው ያልኳት እኔ ነኝ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «ያ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ያስታውቅበታል።» አርባ ዓመት ያለፋቸውን ወንድሟን ሁልጊዜ ያ ልጅ ነው የምትላቸው።

በማግስቱ አጎዛውን አጠበች፣ በጥላ አደረቀች፣ ጠጉሩን አበጠረች፤ ተሸክማው ወደ ነጋዴው ግቢ ሄደች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ። ከተቆለለው ቆዳ ላይ አኖረችው።

«ይህ ከወንድሜ ዕዳ አይደለም» አለችው። «የሱ በዋሱ አልቋል። ይህ የልጅቱ ሦስት ቀን ነው። ስንት ቆዳ ተበላሸብህ?»

«አልቆጠርኩትም» አለ ነጋዴው።

ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ በጎረቤት በግ በታረደ ቁጥር አክስቴ ሌጦውን ትለምናለች፤ በጨው አሽታ፣ አጥፋ፣ በራሷ ተሸክማ ነጋዴው ግቢ ታደርሳለች። ስንት እንደተበላሸበት ስላልነገራት ጣሊያን ገብቶ እሱ ከአዳማ እስኪሄድ ድረስ አላቋረጠችም።